ከኋላችን የሚከተል ቤት

ባለቤቴ አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው መሪ ጨብጦ ነው። አዲስ አበባ ታክሲ ነድቷል፤ ሚኒሶታ ከመጣን ወዲህም ሰው ከኤርፖርት ሲያመላልስ ነው የኖረው። ስለዚህ ባለፈው ሰመር ወደ ሰሜን፣ ወደ ትልቁ ሐይቅ፣ ተሳቢ ቤት ይዘን ስንወጣ እኔ እየነዳሁ እሱ ከጎኔ መቀመጡን ያየ ጎረቤት ሁሉ የተጣላን መስሎት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የምሠራው ሪችፊልድ በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። አለቃዬ ስልሳን የተሻገሩ ነርስ ናቸው። ባልም ልጅም የላቸውም፤ ከመኪና ኋላ የሚጎተት አንድ ነጭ ቤት ግን አላቸው። አልጋው፣ ምድጃው፣ መጸዳጃው ሁሉ ውስጡ ነው። በየዓመቱ ብቻቸውን እየጎተቱ አገር ያዞሩታል። ያን ሰመር ጉልበታቸውን ኦፕሬሽን አደረጉና ቤቱ ቆመ። እኛ ፒክአፕ እንዳለን ያውቃሉ።

«ዝም ብሎ ከሚቆም ልጅሽን ይዘሽ ሂጂበት» አሉኝ። አመስግኜ ሳልጨርስ ደግሞ «ግን የምሰጠው ለተማረ ሰው ነው። ቅዳሜ ፕሊማውዝ ከተማ ኑ» አሉ።

ባለቤቴ ቅዳሜ ሥራ ነበረው። ባይኖረውም የሚሄድ አይመስለኝም። «እኔን? መንዳት ሊያስተምሩኝ?» ብሎ ሳቀ። ብቻዬን ሄድኩ።

ነርሷ ባዶ የቢሮ ፓርኪንግ መሃል ክራንቻቸውን ተደግፈው ጠበቁኝ። የእኛ ፒክአፕ ግማሽ ቶን የሚሉት ዓይነት ነው፤ ከትልልቆቹ ቀለል ያለው። ሻጩ ለባለቤቴ «ቤት ይጎትታል» ብሎት ነበርና ይህንኑ ነገርኳቸው።

«መጎተቱንማ ይጎትታል» አሉ። «መጎተት ቀላሉ ነው። መሸከሙና ማቆሙ ነው የሚከብደው።»

የሾፌሩን በር ከፍተው ጎኑ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት አስነበቡኝ። መኪናው የሚችለው ሸክም ተጽፎባታል። እኛ ራሳችን፣ ጓዛችን፣ ተሳቢው ማያያዣው ላይ የሚጥለው ክብደት፣ ሁሉም ተደምሮ ከዚያ ማለፍ የለበትም። ስንት ዓመት ያንን በር ከፍቼ ስዘጋ አይቻት አላውቅም።

ከዚያ እጄን ያዙና ከዳሽቦርዱ ሥር ባለች ትንሽ መቆጣጠሪያ ላይ አስቀመጡት። የተሳቢውን ፍሬን ለብቻው የምትይዝ ናት። «ዕቃ ስትጭኚ ክብደቱ ወደ ፊት ያድላ። ኋላው ከከበደ ቤቱ ጅራቱን መወዝወዝ ይጀምራል። ያኔ የእግርሽን ፍሬን እንዳትነኪ። ነዳጁን ልቀቂ፣ መሪውን ቀጥ አድርጊ፣ ይቺን በጣትሽ ጫን በያት።» ደግሜ እንድለው አደረጉኝ። እንደገናም አስባሉኝ። የቀረውን ቀን ወደ ኋላ መንዳት ስማር ዋልኩ፤ መሪውን ወደ ግራ ሳዞር ቤቱ ወደ ቀኝ ይሄድብኛል፣ እሳቸው ክራንቻቸውን እያወዛወዙ ይጮኻሉ።

የምንሄድበት ቀን ጠዋት ኒው ሆፕ ካለው አፓርታማችን በር ላይ እኔ ማያያዣውን፣ ሰንሰለቱንና መብራቱን ስፈትሽ ባለቤቴ ዕቃ ጫነ። የተሳቢው የኋላ ማስቀመጫ ሰፊ ነው። ሥጋውን በረዶ ከሞላበት ኩለር ጋር፣ የውሃ ጀሪካኖቹን፣ ከሰሉን፣ የልጃችንን ብስክሌት ሁሉ እዚያ ከተተው። በሩን ዘግቶ መታ መታ አደረገና «በቃ፣ አለቀ» አለኝ፤ እኔም ከፍቼ አላየሁም።

ከከተማው እስክንወጣ ጥሩ ነበር። ከዚያ ሃይዌዩ ተከፈተ፣ ነፋሱም መጣ። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ልጃችን ከኋላ ወንበር ጆሮዋን ደፍና ሙዚቃ ትሰማለች። ባለቤቴ ስፖኪዮውን እያየ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ይለኛል፤ የሚያበረታታው እኔን ይሁን ራሱን እንጃ።

አንድ ረጅም የጭነት መኪና በግራ በኩል ቀደመን። መጀመሪያ ነፋሱ ወደ ዳር ገፋን፤ ቀጥሎ ወደ ራሱ ሳበን። መኪናው ሄደ፣ እኛ ግን መወዝወዛችንን አልተውንም። በግራ ስፖኪዮ ነጩ ቤት ብቅ አለ። ጠፋ። በቀኝ ብቅ አለ። እንደገና በግራ፣ አሁን የጎን መስኮቱ ሳይቀር እስኪታየኝ። የፒክአፑ የኋላ ጎማ መሬት የለቀቀ መሰለኝ። እስካሁን ስነዳው የነበረው ነገር እኔን ይነዳኝ ጀመር።

«ፍሬን! ፍሬን ያዢ!» አለ ባለቤቴ።

እግሬ ወደ ፍሬኑ ሄዶ ነበር። ምን እንደመለሰው አላውቅም። ነዳጁን ለቀቅኩ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፣ በቀኝ እጄ ያቺን ትንሽ መቆጣጠሪያ ፈልጌ ጫንኳት። አንድ ትልቅ እጅ ከኋላችን ቤቱን የያዘው ያህል ተሰማኝ። ሰፊው ውዝዋዜ ጠበበ፣ እንደገና ጠበበ፣ ከዚያ ቆመ። ቤቱ መስመሩን ይዞ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ ዝም ብሎ ይከተለናል። ያንን የሚያህል ነገር፣ ነፋስ እንደ ወረቀት ያነሳው፣ የአንድ ጣት ግፊት መልሶ አስተኛው።  የወረረኝ ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድንገት ዝም ሲባል የሚሰማኝ ዓይነት ነገር ነበረበት።

«ማሚ፣ ዋት ዋዝ ዛት?» አለች ልጄ።

 የመጀመሪያው ማረፊያ ጋ ስደርስ ገብቼ አቆምኩ። ባለቤቴ ወርዶ የኋላውን ማስቀመጫ ከፈተና የጫነውን እያየ ቆመ። ነርሷ ያሉኝን ነገርኩት። አልተከራከረኝም። ጀሪካኖቹን፣ ኩለሩን፣ ከሰሉን አንድ በአንድ አውጥቶ ወደ ፊት፣ ከጎማዎቹ ቀደም ብሎ ወዳለው ወለል አዛወረና እንዳይንሸራተቱ በገመድ አሰራቸው። 

«እኔ ብሆን ኖሮ ፍሬን እይዝ ነበር» አለኝ።

«እኔም ልይዝ ነበር።»

«አልያዝሽማ።» ትክ ብሎ አየኝ። በሃያ ዓመት ትዳር ውስጥ እንዲያ አይቶኝ አያውቅም፤ ከማያውቃት ሴት ጋር የተገናኘ ነበር የሚመስለው። ቁልፉን ይጠይቀኛል ብዬ ነበር። በቀኝ በኩል ዞሮ ገባና ቀበቶውን አሰረ።

ከዚያ በኋላ ቀስ ብዬ ነዳሁ። የሚቀድመን ሁሉ ይቅደመን ብዬ ቀኝ መስመሬን ያዝኩ። ጭነት መኪና ባጠገባችን ሲያልፍ ቤቱ ትንሽ ይገፋና ራሱ ይመለሳል። ዱሉዝ ከተማ ስንደርስ መንገዱ ቁልቁል ሆነ። ማርሹን ዝቅ አድርጌ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘን ተውኩት። ኮረብታውን እንደታጠፍን ሐይቁ ተከፈተ።

ስለሱ ሰው ብዙ ነግሮኝ ነበር። ግን ማንም ማዶው እንደማይታይ አልነገረኝም። ሰማዩ ከእግራችን በታች ወርዶ የተነጠፈ መሰለኝ። መሃሉ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታክል መርከብ ቆማለች። ልጄ ከጆሮዋ ላይ ማዳመጫውን አወረደች። 

ሐይቁ ዳር በተከራየነው የካምፕ ቦታ ላይ ቤቱን ወደ ኋላ ሳስገባ ባለቤቴ ወርዶ መራኝ። «ግራ… አይ፣ የኔ ግራ… ቀስ… በቃ!» ብዙ ወጣሁ፣ ብዙ ገባሁ፤ በመጨረሻ ገባ። ጎማዎቹ ሥር መደገፊያ አድርገን ወደ ዳርቻው ወረድን። ድንጋዩ ሁሉ ክብ ነው፣ ውሃው ብርድ ነው። ባለቤቴ ጫማውን አውልቆ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ። በእፍኙ ቀድቶ ፊቱን ታጠበ፤ ቀጥሎ ከንፈሩን ላሰና ዞር አለ።

«ጨው የለውም!» አለን። «ይሄ ሁሉ ውሃ ጨው የለውም!»

«ዳዲ፣ ኢትስ ኤ ሌክ» አለችው ልጃችን እየሳቀች።

«ሌክማ የሀዋሳው ነው፤ አውቀዋለሁ። ይሄ…» ቃል ፈለገለት። እጁን ወደ ውሃው እንደዘረጋ ቆሞ ቀረ። እኔም ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ፣ እሱ የሚያየውን አብሬው አየሁ።