ኡዋይስ ታጥቦ የሚገባው ከየት ነው?

ባሌ ኡዋይስ ውሸት አይችልም። ሲዋሽ ጆሮውን ያካል። ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር የያዝኩበት ውሸት አምስት አይሞላም፤ እሱም ሁሉም ስለ ሲጋራ ነው። ስለዚህ ኮሮና በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ከሥራ ሲመለስ ገላውን ታጥቦ መግባት ሲጀምር ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የገባኝ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ስለ ሰውየው ልንገራችሁ። የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ካምፓላ የመጣነው በተጋባን በዓመታችን ሲሆን፣ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ በር አጠገብ ለተማሪ ደብተር፣ እስክሪብቶና ብስኩት የምትሸጥ ጠባብ ሱቅ ከፈተ። አላህ ልጅ አልሰጠንም። ሱቁ ደጃፍ ላይ የሚንጋጋው ተማሪ ሁሉ ግን የእሱ ልጅ ነበር። በተሰባበረ ሉጋንዳው ይቀልድባቸዋል፣ ለእያንዳንዱ ስም ያወጣለታል፣ የብስኩት ካርቶን ራሱ ላይ ደፍቶ ያስቃቸዋል። እኔ ደግሞ ከኋላ ሆኜ፣ «ትልቅ ሰው አይደለህ እንዴ?» እያልኩ እቆጣዋለሁ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፣ ተማሪው ተበተነ፣ ሱቁም አብሮ ተዘጋ። ኡዋይስ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ የሚያይ ሰው ሆነ። ዓመት ሙሉ ጥርሱን አላየሁም።

አንድ ቀን የሀብታሞቹ ሰፈር ኮሎሎ ሥራ አገኘሁ ብሎ መጣ። የቤቱ ጌቶች ኮሮናን ሸሽተው አገራቸው ገብተዋል፤ ቤታቸውን የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋሉ። «ግቢ መጠበቅ ነው» አለኝና ጆሮውን አከከ። ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ። ሥራ ማግኘቱ ስላስደሰተኝ ግን አለፍኩት።

ወር ሳይሞላው ምልክቱ ይታይ ጀመር። ለብሶት የወጣውን ልብስ በፌስታል ይዞ፣ ሌላ ለብሶ ይመለሳል። ራሱ እርጥብ ነው፤ እጁ እስከ ክርኑ ታሽቶ ቀልቷል። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው በጠራራ ፀሐይ ከራስ እስከ እግሩ ታጥቦ ሲገባ ምን ማለት እንደሆነ ያገባ ሁሉ ያውቃል። ከሴት ጋር የነበረ ሰው ገላውን ሳይታጠብ አይሰግድም። እኔ ሚስቱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቤቴ ነበርኩ።

ጎረቤቴ ሱልጣና፣ የጅማዋ፣ እሳቱ ላይ ጋዝ ጨመረችበት።

«ሂንድዬ፣ ወሬ ማቀባበል አይሁንብኝና፣ ባልሽ ጠዋት ጠዋት ሥጋ ጠቅልሎ ሲወጣ አያለሁ።»

«የምን ሥጋ?»

«ማታ ያቀረብሽለትን ነዋ! ለራሱ ቢሆን እዚሁ አይበላውም?»

እውነቷን ነው። ሥጋውን ሳይነካ «ጠገብኩ» ማለት አብዝቶ ነበር። እኔ ሞኟ ምግቤ አልጣመውም ብዬ ቅመም እቀያይራለሁ! ይባስ ብሎ ጫማውን ሲያስር ማንጎራጎር ጀመረ። ማታ አጠገቤ አይቀመጥም፤ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ነው። ሌሊት ደግሞ በእንቅልፉ ይስቃል።

ሁለተኛ ማግባት እንደሚፈቀድለት አላጣሁትም። ደብቆኝ ግን አይሆንም። ወጣት ናት፣ ትወልድለታለች ብዬ አሰብኩ። ይህን ካሰብኩ በኋላ እህል አልወርድልሽ አለኝ። እውነት ከሆነ ልብሴን ሸክፌ መንገዱ ሲከፈት ናይሮቢ ወንድሜ ዘንድ ልሄድ ለራሴ ማልኩ። በማግስቱ ተከተልኩት።

ያን ሰሞን ለሁለተኛ ጊዜ ሁሉም ነገር ተዘግቶ ታክሲ ስላልነበረ ኡዋይስ በእግሩ ነው የሚሄደው። ማስክ ደግሞ ለቀናች ሚስት የተሠራ ነው፤ ጥቁር ጅልባቤን ደርቤ ዓይኔን ብቻ አስቀርቼ ወጣሁ። በዋንዴጌያ አድርጎ፣ ሙላጎን አልፎ፣ ወደ ኮሎሎ አቀበት ወጣ። አንዴም ዞር አላለም። ጉልበቴን ያመኛል የሚለው ሰውዬ አቀበቱን በጥድፊያ ነው የወጣው። ያን ጥድፊያ ሳይ ልቤ ተቃጠለ።

ከፍ ባለ አጥር፣ በአረንጓዴ የብረት በር ገባ። ከበሩ ጥግ ቆሜ ጆሮዬን ቀሰርኩ።

«ተነሣህልኝ የኔ ጌታ? ቁርስህን ይዤልሃለሁ። ቀስ፣ ቀስ ብለህ ብላ! ከበላህ በኋላ ነው ጨዋታው።»

ልጅ አለው! ወልዳለታለች፤ እያጫወተው ነው። በሩን ተደግፌ ቁጢጥ አልኩ። አላለቀስኩም፤ እንባው ራሱ ፈርቶኝ መሰለኝ። ቆይቼ፣ ያየሁትን አይቼ ልሂድ ብዬ በበሩ ስንጥቅ አጮለቅሁ።

ሣሩ ላይ የአፉ ዙሪያ የነጣ፣ የኋላ እግሮቹን የሚጎትት፣ አንበሳ የሚያህል ሽማግሌ ውሻ ተቀምጧል። ኡዋይስ ፀጉሯ ያለቀ የቴኒስ ኳስ ወረወረ። ውሻው ንቅንቅ አላለም፤ ጅራቱን ብቻ መሬት ላይ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘ። የሃምሳ ሁለት ዓመቱ ባሌ ሮጦ ሄዶ ኳሷን አምጥቶ እግሩ ሥር አስቀመጠለት። ውሻው አንዴ ጮኸ። ድገም ማለቱ ነው። ኡዋይስ ደገመ።

ሲደክመው ውኃ ማጠራቀሚያው ኋላ ሄዶ ተደበቀ። ግማሽ ጀርባው ይታያል። ውሻው በአፍንጫው ሣሩን እያሸተተ ፍለጋ ወጣ፤ መሐል መንገድ ላይ አረፍ አለ፣ እንደገና ተነሣ። አቅጣጫው ሲጠፋው ኡዋይስ ሳል እያስመሰለ መራው። ሲያገኘው ሙሉ ክብደቱን ጥሎበት ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ፤ ፊቱን ሁሉ ላሰው። ኡዋይስም በጀርባው ተንጋልሎ፣ እንደዚያ ካርቶን ደፍቶ እንደሚያስቅበት ዘመን፣ ድምፁን ለቆ ሳቀ።

ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። አላለኝም። ሴት ብትሆን ፀጉሯን እይዝ ነበር፤ ለውሻ ምን ይደረጋል? ያ ሳቅ የእኔ ነበር። ዓመት ሙሉ ጠብቄ ያጣሁት ሳቅ ነው። በሩን በጡጫ ደበደብኩት።

ከፍቶ ሲያየኝ ወደኋላ ሸሸ።

«ሂንድ! እንዳትነኪኝ፣ ልሶኛል።»

«ማን ነው እሱ?»

«ፖሊስ ይባላል። ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው። የተቀጠርኩት ግቢውን ልጠብቅ አይደለም፤ እሱን ላስታምም ነው። ሐኪሙ ብዙ ወር የለውም ብሏል።»

«ለምን ደበቅከኝ?»

«የሸኽ ልጅ ነሽ። የአከራያችን ውሻ የላሰውን ድስት ረሳሽው? ሰባት ጊዜ አጥበሽው እንኳ ቀፍፎሽ አውጥተሽ ጣልሽው። እኔንም እንዳትጥይኝ ፈራሁ።»

«ታዲያ በየቀኑ የምትታጠበው...»

«ውሻ የላሰው እንደሚታጠበው ሰባት ጊዜ ነዋ፣ አንዱን በአፈር። የምራቁን ነጃሳ ይዤብሽ እንዳልገባ ብዬ።»

አንድ ወር ሙሉ የቆጠርኩበት ወንጀል ለእኔ ሲል ያደረገው ነበር።

«ሴት ያለችህ መስሎኝ ነው» አልኩት።

«በዚህ ጉልበቴ?» አለ፤ ግን አልሳቀም። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ቤት ስገባ ‹የት ዋልክ፣ ምን አመጣህ› ትይኛለሽ። አልቀየምሽም፣ ችግሩ ነው። እሱ ግን መምጣቴ ብቻ ይበቃዋል። እዚህ ስሆን ሱቁን እረሳለሁ» አለኝ።

ይህኛውን ሲናገር ጆሮውን አላከከም።

እኛ ስናወራ ፖሊስ እየተጎተተ መጥቶ ኖሮ ኳሷን በአፍንጫው ገፍቶ ጫማዬ ሥር አደረሳት። እሱንም ጠረጠርኩት። ምን ፈልጎ ነው? ባሌን ከወሰደ በኋላ እኔን ማባበሉ ነው?

«ወርውሪለት» አለኝ ኡዋይስ።

በእጄ አልነካም ብዬ በጫማዬ ጫፍ መታኋት። ተንከባልላ አበባው ውስጥ ገባች። ጠበቅሁ። ፖሊስ ቁጭ ብሎ አየኝ። ኡዋይስም አጠገቡ ቁጭ አለና አየኝ።

«ማን ያምጣት?» አልኩ።

«የወረወረ ነዋ! የዚህ ቤት ሕግ ነው።»

ወዲያና ወዲህ አየሁ፤ አጥሩ ረጅም ነው። ጅልባቤን ሰብስቤ ሮጥኩ። የሸኽ ልጅ፣ አርባ ስምንት ዓመቴ፣ የማላውቀው ሰው አበባ ውስጥ ተጎንብሼ ኳስ ፈለግሁ። በሁለት ጣቴ አንጠልጥዬ ቀና ስል ፖሊስ ይጮሃል፣ ኡዋይስ ሆዱን ይዞ ይስቃል። በእኔ ነው የሚስቀው። አሁንም ራቅ አድርጌ ወረወርኳትና፣ ማንም ሳያዘኝ ሮጥኩ።