ጉልቤውና የእታለም መነጽር

የሕፃናት ማቆያው ያለው ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ወላጆቹ ጠዋት ጠዋት ልጆቻቸውን ለእታለም ያስረክቡና ወደየቢሯቸው ይወጣሉ። ከኃላፊዋ እስከ ዘበኛው ሁሉም እታለም ነው የሚላት። ገና የሚድሁትንና መዳህ ያልጀመሩትን የምትይዘው እሷ ናት። ከተማሪነቷ ጀምሮ መነጽር ታደርጋለች፤ ያለ መነጽር ሰውና ኮት መስቀያ አትለይም።

ሕፃን ደግሞ መነጽር ይወዳል። በተለይ አንዱ፣ ጥርስ ሳያበቅል ጡንቻ ያበቀለ፣ ሞግዚቶቹ "ጉልቤው" ያሉት ልጅ። ዳይፐሩን ልትቀይርለት ጎንበስ ስትል መነጽሯን ላጥ አድርጎ ወረወረው። በዳበሳ ስትፈልገው የገዛ ጉልበቷ ቀድሞ አገኘው። ቀጭ! አንደኛው የመነጽሩ ጆሮ ከነማጠፊያው ተገነጠለ።

ባለቤቷ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ የማይጠግነው ነገር የለም፣ ቢያንስ እሱ እንዲያ ይላል።

"አምጪው፣ የደቂቃ ሥራ ነው።"

"ተው፣ መነጽር ቤት ልውሰደው።"

"ለዚች ለዚች? አታካብጂ ባክሽ!"

ጆሮውን እንደምንም አጣበቀው። ግን ከማጣበቂያው አንዲት ጠብታ መስታወቱ ላይ አረፈች። በጨርቅ ቢጠርጋት ተስፋፋች፤ በቤንዚን ቢያሻት ጭራሽ ደመና ሆነች። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ እንዲሉ፣ እታለም በዚያ መነጽር ከማየት ባታይ ይሻላት ነበር። ባሏ ሊስቅ ሞከረ፤ ፊቷን ሲያይ ተወው።

መነጽር ቤት ስትሄድ ባለሙያው ፍሬሙን አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ። "ይሄ ከገበያ ከወጣ ቆየ። አዲስ እንሠራልዎታለን፤ እስከዚያ ይታገሡ።"

"በየትኛው ዓይኔ ልታገሥ?"

መላውን ያመጣችው ታናሽ እህቷ ነች። "ዓይንሽ ውስጥ የሚገባውን ሌንስ አድርጊያ! ከዚያ ውስጥ ማን ይነጥቅሻል?"

ሌንሱ ተገዛ። እታለም መስታወት ፊት ቆማ ጣቷን ባስጠጋች ቁጥር ዓይኗ እንደ በር ይዘጋል። አንዴ ጣቷ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ አንዴ መታጠቢያው ውስጥ ይወድቃል። ባሏ ውጭ ሆኖ "አልጨረስሽም እንዴ?" ሲል "ዝም ካላልክ አይገባም!" ብላ አንባረቀችበት። ስንት ጊዜ እንደሞከረች እንጃ፣ ብቻ እንባዋ ሲወርድ ሌንሱ ገባ።

በማግስቱ ማቆያው ስትገባ ምንጣፉ ላይ የወደቀው ፍርፋሪ ሳይቀር ታያት። ደስ አላት። ደስታዋ የቆየው ጉልቤው ቀና ብሎ እስኪያያት ድረስ ነው። አፈጠጠባት። የታችኛው ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ጩኸቱን ለቀቀው። የሕፃን ለቅሶ ይጋባልና ክፍሉ በሙሉ ባንድ አፍ አለቀሰ።

ኃላፊዋ እየሮጠች መጣች። "እታለም! ምን አደረግሽባቸው?"

"መነጽሬን አወለቅሁ።"

"መልሰሽ አድርጊዋ!"

እታለም ጥርሷን ነክሳ ያንን መከረኛ መነጽር ከቦርሳዋ አወጣች፤ መስታወቶቹን በአውራ ጣቷ ገፍታ ጣለችና ባዶውን ፍሬም አጠለቀችው። ጉልቤው ወዲያው ዝም አለ። እንባው ሳይደርቅ ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋላት። አንጀቷ ራሰና አነሣችው። በባዶው ፍሬም በኩል ጣቱን ዓይኗ ውስጥ ሰደደው።

ሌንሱ የት እንደገባ ጠፋ። ሞግዚቶቹ ወለሉን በእጃቸው አሰሱ፤ እሷ መታጠቢያ ቤት ዓይኗን እየገለበጠች ውሃ ደፋችበት፣ አሸችው። አልተገኘም። ክሊኒክ ስትሄድ ሐኪሙ የላይኛውን የዓይን ቆብ ገለጥ አደረገና ተጣጥፎ የተቀደደውን ሌንስ አወጣ። የደህናውንም ዓይን ሌንስ አስወለቃት።

"ሲያሹት ዓይንዎን ቧጭረውታል። እስኪድን ሌንስ የለም፤ መነጽር ያድርጉ።"

"የትኛውን?" አለችና ፍሬሙን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ሐኪሙ አንሥቶ ሊያይበት ሲል ጣቱ ወዲያ ማዶ ወጣ።

አንድ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኖ ቦርሳዋን ልትወስድ ስትመለስ፣ የጉልቤው እናት ልጇን ልትወስድ መጥታ ነበር። "አላስቸገረሽም አይደል፣ እታለም?" አለቻት ገና ከበር።

ሌላ ቀን ቢሆን "ኧረ ምንም" ትላለች። ዛሬ ግን ሞልቶ ፈሰሰ። "አስቸግሮኛል! መነጽሬን አሰበረኝ፣ ዓይኔን ወጋኝ፣ ይባስ ብሎ ያለቀሰው እሱ ነው!"

እናትየው ዓይኗን ሰበር አደረገች። "እኔም ቤት ውስጥ መነጽር ማድረግ ትቻለሁ። የአባቱንም ሰብሮታል።"

"ታዲያ ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ?"

"ልጄን እንዳትጠዪብኝ ብዬ ነዋ።"

እታለም ቦርሳዋን አንግታ ወጣች።

ፌርማታው ላይ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ። በቀረው ዓይኗ አጨንቁራ ብታይ ቁጥሩ ጭጋግ ነው። አጠገቧ የቆመውን ወጣት "የኔ ልጅ፣ ስንት ቁጥር ነው?" አለችው።

"ትልቅ ተደርጎ ተጽፏል እኮ፣ ማዘር።"

"ትልቅ ከሆነ አንብብልኛ!" ብላ ጮኸችበት። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አያት። ልጁ ደንግጦ አነበበላት።

የእሷ አልነበረም።