ቫርኒሽ ያልተቀባ ጥርስ

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ በመላው ኮልፌ እንደኔ ቁምነገረኛ ጎረምሳ አልነበረም። ስስቅ ያየኝ ሰው የለም። እናቶች ልጆቻቸውን ሲቆጡ «እሱን አታዩትም?» የሚሉት እኔን ነበር። አናጢ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሚስማር በከንፈሬ ይዤ ስለምውል፣ ለመጣው ሁሉ የምመልሰው በአንገቴ ነው።

ነገሩ ግን ቁምነገር አልነበረም። ጥርሴ ነው። ከወተት ጥርሴ ጀምሮ ቢጫ፣ ሻካራ፣ ጫፍ ጫፉ የሚሸረፍ። በሙያችን አነጋገር፣ ቫርኒሽ ሳይቀባ የተረከቡት ዕቃ ማለት ነው። አባቴም እንደዚሁ፣ እናቱም እንደዚሁ ነበሩ። እናቴና ታናሽ እህቴ ግን ሲስቁ ግቢያችን አምፖል አያሻውም።

ለጠየቀን ሁሉ አባቴ ያዘጋጀው አንድ መልስ ነበረን፤ «ዝዋይ ስላደግን ነው፤ ውሃው ነው።» የዚያ አገር ውሃ ጥርስ እንደሚያጠቁር የማያውቅ የለም። እኔ ደግሞ እንኳን ዝዋይን ላየው፣ ከመርካቶ ወዲያ አልፌ አላውቅም።

ታዲያ ከሥራ ቤታችን ፊት ለፊት ያሉትን የጨርቅ ነጋዴዎች ልጅ ወደድኩ። ሽማግሌ ላክን። ቤተሰቦቿ «እስቲ ዘሩን እናጣራ» ብለው አጎቷን ላኩብን። እሳቸው አይሆንም ካሉ፣ አለቀ።

አጎትየው እሁድ ረፋድ ላይ መጡ። ለሰላምታ አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁት፤ ጥርሳቸው ቡናማ ነው። የዝዋይ ሰው ናቸው።

«ያገሬ ልጅ ነህ አሉኝ። ዝዋይ የት ጋ?»

«ሐይቁ ጋ፣ ጋሼ።»

«ሐይቁ እኮ ትልቅ ነው።»

«እኛም ትልቁ ጋ ነበርን።»

ከፊታቸው ካለው ሳህን ገብስ ቆሎ ዘገኑና ግማሹን መዳፌ ላይ አደረጉት። «ቆርጥም እስቲ።» እሳቸው እንደ ወፍጮ ያደቁታል። የኔ ጥርስ ነፋስ እንኳ ያመዋል፤ ቆሎውን በጉንጬ ይዤ ቁምነገረኛ መሰልኩ።

በዚህ መሃል እህቴ ውሃ ይዛ ገባችና ፈገግ አለችላቸው። ጥርሷን አዩ። የኔን ጉንጭ አዩ።

«እህትህ ናት?»

አዎ በሚል ራሴን ነቀነቅሁ።

«ዝዋይ ስትኖሩ እሷ ምን ትጠጣ ነበር?»

ቆሎውን እንዳለ ዋጥኩት። «ወተት፣ ጋሼ።»

አባቴ ከዚህ በላይ አልቻለም። «የኛ ነገር ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እኔ ከእናቴ ወረስኩት፣ እሱ ከኔ። ልጅቷ እናቷን ወጣች። ውሃም ምንም የለበትም።»

«ታዲያ ይቺን ለመናገር ዝዋይ ድረስ ምን አስኬዳችሁ?» አሉ፤ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «የኔን ጥርስ ውሃው ቀለሙን ለወጠው እንጂ አላላላውም። ልጆቼ ደግሞ እዚህ ተወልደው እዚህ ስላደጉ ጥርሳቸው ነጭ ነው። የናንተ ሌላ ነው፤ ከዘር ነው። አንዱን ልጅ ይይዛል፣ አንዱን ይተዋል።»

ለቤተሰቧም ሄደው ይህንኑ ነገሯቸው፤ «ጥርሱ የዘር ነው፣ በሽታ የለበትም። ውሸቱ ግን የራሱ ነው» ብለው። ልጅቷም «ቆሎ እንዲቆረጥምልኝ አይደል የማገባው» አለች ተብሎ ተነገረኝ። ተጋባን።

የመጀመሪያዋ ልጃችን ጥርስ ስታወጣ ቢጫ ሆኖ ወጣ፤ ቁርጥ የኔን። ሚስቴ ልጅቷን አቅፋ አየችኝ። እኔም ቁምነገረኛ ፊቴን አምጥቼ፣ «ይሄ በናንተ በኩል የመጣ ነው፤ የአጎትሽን ጥርስ አላየሽም?» አልኳት።

የሳቸው የውሃ፣ የኔ የዘር እንደሆነ ከማንም በላይ እያወቅሁ እንዲህ አልኩ።