የለስላሳው አዲስ መሪ

መጀመሪያ የከዳው የቀኝ እጁ አውራ ጣት ነበር። አንድ ጠዋት ሸሚዙን ሊቆልፍ ቢታገል፣ ቢታገል፣ ቁልፏ ከጣቱ እየሾለከች አስቸገረችው። ብርድ ይሆናል ብሎ እጁን በትንፋሹ አሞቀ። በሌላ ቀን ደግሞ ክንዴን ተንተርሼው አድሬ ነው አለ። ሰበብ ሲያልቅበት ሰው ሳያየው ሐኪም ቤት ሄደ። ሐኪሙ ጣቶቹን አንድ በአንድ ሲያጥፍና ሲዘረጋ ቆየና ነርቩ እየሞተ፣ ጡንቻውም አብሮ እየከሳ መሆኑን ነገረው። ይህ ዓይነቱ በሽታ ሊዘገይ ይችል እንደሆነ እንጂ ወደኋላ እንደማይመለስም አልደበቀውም።

«ሥራህ ምንድን ነው?» ሲለው «ሱቅ አለኝ» ብሎ ዋሸ።

ሥራው ታክሲ መንዳት ነበር። ጢም ሳያበቅል የጀመረው ነው፤ ሌላ ሥራ አያውቅም። ከኋላ ያንቀላፋ ተሳፋሪ ሳይቀሰቅስ በጉድጓድ መሃል አሳልፎ ስለሚያደርስ ባልንጀሮቹ ሾፌሮች «ለስላሳው» ብለውታል። አዲስ ሰው ስሙን ሰምቶ መጠጥ የሚሸጥ ሲመስለው «ቀዝቃዛ የለኝም» እያለ ይስቅ ነበር።

የሐኪሙን ነገር ለማንም አልተነፈሰም። ሾፌር እጁን ካጣ ምን ቀረው? ይህን ራሱን ይጠይቅና መልሱ ሲያስፈራው ሬዲዮኑን ይከፍታል። ባለቤቱ በቤታቸው ልብስ ትሰፋለች። ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ «ምነው ዝም አልክ?» ስትለው «ደክሞኝ ነው» ይላታል። ሻይ ስታቀርብለት ብርጭቆውን በሁለት መዳፉ መሃል አጣብቆ መጠጣት ጀመረ። እሷም እጁን የሚያሞቅ መሰላት።

የታክሲዋ መሪ ሰፊ፣ ቀጭንና ደረቅ ፕላስቲክ ነበር፤ ስንት ዘመን በእጅ ላብ ተወልውሎ ያዳልጣል። ጣቶቹ ሊጨብጡት ሲሞክሩ ይንሸራተታሉ። ሲጨንቀው ጊዜ ጥፋቱን ከእጁ ላይ እያነሳ መሪው ላይ መጫን ጀመረ። «እጄ ደህና ነው፤ ይሄ መሪ ነው ያለቀለት» ይላል ብቻውን።

አንድ ቀን መኪና ሊያሳጥብ የገባበት ቦታ የአንድ ጎረምሳ መኪና አጠገቡ ቆማ አየ። መሪዋ ትንሽና ወፍራም ነው። ጥቁር ቆዳ ለብሷል፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው፣ መሃሉን የያዙት ሦስት ብረቶችም የተበሱ ናቸው። እሽቅድምድም ላይ የሚታየው ዓይነት ነው። ለስላሳው በመስኮት አንገቱን አስግጎ ሲያይ ጎረምሳው ኮራ ብሎ «ግባና ሞክረው እንጂ፣ አባቴ» አለው።

ገብቶ ያዘው። ቆዳው መዳፉ ላይ ሙጭጭ አለ። ሙሉ በሙሉ መታጠፍ ያቃታቸው ጣቶቹ በዚያ ወፍራም መሪ ላይ መታጠፍ አላስፈለጋቸውም፤ ባሉበት አረፉ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጎረምሳው የመኪና ፍቅር መሰለውና የገዛበትን ሱቅ ነገረው።

መሪውን ገዝቶ ጋራዥ ወሰደው። መካኒኩ የድሮ ጓደኛው ነው።

«ምን ልታስጠግን መጣህ?»

«መሪ ልቀይር።»

«ዝግ ብለህ ተናገር እንጂ ሰውዬ! ሰምተው ሁለታችንንም እንዳይለቅሙን» አለና መካኒኩ በራሱ ቀልድ ተንከተከተ። ከረጢቱን ከፍቶ ሲያይ ግን ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። «ይሄማ የልጆች ነው። ደግሞ ስማኝ፣ ይቺ መኪና አሮጌ ናት፤ መሪ የሚያቀልላት ነገር የላትም። በክንድህ ነው የምታዞራት። መሪው ባነሰ ቁጥር ይከብድሃል። ቆማ ስታዞራት ትከሻህ ነው የሚገነጠለው።»

«ለትከሻዬ አንተ አትዘንለት።»

«እንደፈለግህ። የመሪውን ማሰሪያ ዳዶ እስክፈታ ጥብቅ አድርገህ ያዝልኝ።»

ለስላሳው በሁለት እጁ ያዘ። መካኒኩ መፍቻውን ገጥሞ ሲጫነው መሪው ከእጁ አምልጦ ሾረ።

«ያዝ እንጂ!»

ደግሞ ያዘ፤ ደግሞ ሾረ።

«ቁርስ ሳትበላ ነው እንዴ የመጣኸው? ወይስ ትቀልድብኛለህ?»

ለስላሳው ፈገግ ለማለት ሞከረ። ክንዱን እስከ ክርኑ በመሪው ቀዳዳ አስገብቶ በደረቱ ተደገፈበት፤ ዳዶው ያኔ ተፈታ። መካኒኩ ቀና ብሎ አየት አደረገው። ለስላሳውም እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

አዲሱ መሪ ተገጠመ። የክላክሱ ሽቦ ግን በደንብ አልተስማማውም ነበርና ወደ ግራ በታጠፈ ቁጥር መኪናዋ እሪ ትላለች። ታክሲ ተራ የደረሰው እንዲያ እየጮኸ ነው። ሾፌሮቹ ከበቡት።

«ለስላሳው ጎረመሰ በሉ!»

«ምን ለስላሳው ትለዋለህ፣ ከእንግዲህ የሚያሰክረው ነው!»

«እኔስ ያሳሰበችኝ እቤት ያለችው ናት» አለ ሌላው፣ ጥቅሻ ጣል አድርጎ።

ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤት ገባ። ሲመለስ ባለቤቱ መቀሷን አስቀምጣ ጠበቀችው።

«መሪ ቀየርክ አሉ።»

«አሮጌው አልቆ ነው።»

«ሽቶስ መቼ ነው የምትጀምረው?» «በር ዘግተህ ነው የምትለብሰው። እጅህን ልይዝህ ስል ትሸሸኛለህ። ስጠይቅህ ደክሞኛል ትለኛለህ። እኔ ሞኝ ነኝ እንዴ? ስሟን ብቻ ንገረኝ።»

ለስላሳው ሊስቅ ቃጣው። ወዲያው ግን አንድ ሐሳብ መጣለት፤ በሐሳቡም ራሱ ደነገጠ። ሚስቱ ሌላ ሴት እየፈለገች እስካለች ድረስ እጁን አታይም። አንገቱን ደፋ። እሷም ዝምታውን እንደ አዎን ቆጠረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍራሿን ከስፌት መኪናዋ አጠገብ አነጠፈች፤ ምግቡንም አስቀምጣለት ፊቷን ታዞራለች። ይህን ሁሉ ቻለው። «እጄ አለቀለት» ከሚላት ይህ ይሻለዋል።

ቀጥ ባለ መንገድ ላይ አዲሱ መሪ ታማኝ ነበር። ጭንቁ መታጠፊያ ላይ ነው። መካኒኩ እንዳለው መሪው ከበደ፤ የድሮው ሰፊ መሪ በቀላሉ ያዞርለት የነበረውን ይህኛው ከክንዱ ፈለገ። ክንዱም እንደ ጣቶቹ መዛል ጀመረ። አንጓውን በብረቶቹ መሃል እያስገባ፣ በጉልበቱ ከስር እየደገፈ ያዞራል። መኪና ማቆሚያ ጠባብ ከሆነ አይገባም። ጠማማ መንገድ ላለማግኘት ተሳፋሪ ይዞ ሰፈር ይዞራል። «ወዴት እየወሰድከኝ ነው?» ብለው የሚወርዱበት በዙ። ማታ ማታ ላቡ ሸሚዙ ላይ ደርቆ ይገባል፤ ባለቤቱ ሸሚዙን አንስታ ታሸትና የባሰ ትቃጠላለች።

ካልተዉት ደንበኞቹ አንዷ ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ። ኩላሊታቸውን ለማሳጠብ ሆስፒታል የሚመላለሱት በእሱ ነው፤ በሌላ ሰው መኪና ስለሚያማቸው እንቢ ይላሉ። ከኋላ ወንበር ተደግፈው ዓይናቸውን ይጨፍኑና «አንተ ስትነዳ ቤቴ የተኛሁ ነው የሚመስለኝ፣ ልጄ» ይሉታል። እሳቸው ይህን ባሉ ቁጥር ለስላሳው በመስታወቱ ሰርቆ ያያቸውና ፍጥነቱን ይቀንሳል።

የሆስፒታሉ በር ዳገት ላይ ነው፤ ዳገቱ እንዳለቀም ወደ ግራ ያስጠመዝዛል። በዚያን ቀን ሌሊቱን ሁለቱም እጆቹ ሲርገበገቡበት አድረው ነበር። ዳገቱን ወጣ፣ አንጓውን ብረቶቹ መሃል ሰክቶ ጠመዘዘ፣ ክላክሱ ጮኸ። ጎማው የመንገዱን ጠርዝ ሲመታ መሪው በኃይል ወደኋላ ተመለሰና ክንዱን እንደ ወጥመድ ያዘው። ሊያላቅቀው ሲታገል እግሩ ፍሬኑን ሳተ። መኪናዋ ቀስ ብላ፣ ግን ማንም ሊያቆማት ሳይችል፣ የዘበኛውን ቤት ግድግዳ ገጨች። ዘበኛው ወንበሩን ጥሎ ዘለለ።

መምህርቷ ከፊት ወንበር ጋር ተጋጭተው ግንባራቸው ደማ። ለስላሳው ክንዱን አስለቅቆ ወርዶ ወደ እሳቸው በር ሮጠ። እጀታውን ያዘ። ጣቶቹ እጀታው ላይ ናቸው፣ ግን አይስቡም።

«ክፈትላቸው እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?» አለ ዘበኛው እየጮኸ።

በክርኑ ሞከረ። በሁለት መዳፉ ሞከረ። ዘበኛው ገፍትሮት በሩን ከፈተ። መምህርቷ በመሐረባቸው ደሙን ይዘው እየወረዱ ሳለ ዓይናቸው እጆቹ ላይ አረፈ።

«ልጄ፣ እጅህ ምን ሆኗል?»

እስከዚያች ሰዓት ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«አልታዘዝ ብሎኛል፣ እትዬ» አለና መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። «እያወቅኩ ነው የጫንኩዎት። እያወቅኩ ነው።»

የእሳቸው ግንባር ተሰፋ፤ እጥበታቸውንም ዘግይተው ገቡ። ባለቤቱን በስልክ የጠራት ዘበኛው ነው። እያለከለከች፣ የስፌት መርፌዋን ደረቷ ላይ እንደሰካች ደረሰች። ባሏ በእግሩ መቆሙን ስታይ ድንጋጤዋ ወደ ንዴት ዞረ።

«ከማን ጋር ነበርክ? እሷስ የታለች?»

ዘበኛው ግራ ተጋብቶ በመስኮት ወደ ውስጥ አመለከታት። ግንባራቸው በፋሻ የታሰረ ሽበታም አሮጊት አልጋ ላይ ጋደም ብለዋል። እሷም አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ባሏን አየች።

ለስላሳው እጆቹን ዘረጋላት። ስንት ጊዜ ሲሸሽጋቸው የከረማቸውን እጆች በቀን ብርሃን አየቻቸው። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል የነበረው ሥጋ ጎድጉዷል፤ ከቆዳው ስር አጥንቱ ይቆጠራል። በጣቷ ዳሰሰችው። የሐኪሙን ቃል አንድም ሳያስቀር ነገራት። ሲጨርስ እሷ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ምነው ሴት በሆነች» አለች በመጨረሻ። «ምነው፣ ምነው ሴት በሆነች!»

ከዚያ በኋላ መንዳት አልነበረም። መምህርቷ ክስ አላሉም፤ ሌላ ሾፌር ተፈለገላቸው። መካኒኩ የተጨፈለቀውን አቃንቶ መኪናዋን ባልና ሚስቱ ደጅ አመጣት። እውነቱን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ የለስላሳውን ዓይን ማየት አልቻለም። በሽታው ጊዜውን ጠብቆ ከክንድ ወደ ትከሻ ወጣ። ባለቤቱ ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን ትቆልፍለታለች።

አንድ ቀን «እኔ እነዳታለሁ» አለች። የቀለደች መስሎት ነበር። የምሯን ነው፤ የመማሪያ ፈቃድ አወጣች። ሰፊው መሪ ለጀማሪ ይቀላል ብላ መካኒኩን የድሮውን መልሶ እንዲገጥምላት ለመነችው። ለስላሳው ከጎኗ ተቀመጠ። በሕይወቱ ጮሆ የማያውቀው ሰው «ፍሬን! ፍሬን አልኩሽ!» እያለ ጮኸባት። እጁ ሊደርስላት ስለማይችል በአፉ ብቻ ነበር የሚነዳው።

በሦስተኛው የልምምድ ቀን አንድ ትልቅ መስቀለኛ መንገድ ላይ የመኪናዋ ሞተር ጠፋባት። ብታስነሳት ዘልላ ጠፋች፤ እንደገናም ጠፋች። ከኋላ የክላክስ ጩኸት ተደራረበ። አንዱ አንገቱን አውጥቶ «ሽማግሌው ይንዳልሽ እንጂ!» አላት።

እሷ መሪው ላይ ተደፋች። «አልችልም» አለች።

«እኔም አልችልም» አላት።

ከኋላ ካለው መኪና አንድ የማያውቁት ሰው ወርዶ መስኮቱን አንኳኳ። ሁኔታቸውን አይቶ ንዴቱ በረደና «ውረዱ እስቲ፣ እኔ ዳር ላውጣላችሁ» አለ። ወርደው መንገድ ዳር ቆሙ። ሰውየው ገብቶ አስነሳት፤ በአንድ እጁ፣ ልብ ሳይለው፣ ጠምዝዞ ጥጉ ላይ አቆማት። ለስላሳው ዓይኑን ከሰውየው እጅ ላይ አልነቀለም። ባለቤቱ ሰውየውን አመሰገነች፣ የባሏን ክንድ ደግፋ ያዘች፤ መኪናዋን እዚያው ትተው በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ።