መስታወት ገጣሚውና መንዳት አስተማሪዋ

አንድ መስታወት ገጣሚ፣ በጎሚስታውና በባትሪ ሻጩ መሃል ተጣብቃ የቆመች ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችው። ከውስጥ የመኪና መስታወቶች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ እርስ በርስ እንዳይፋጩ በየመሃላቸው የአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ ገብቷል። በሩ አናት ላይ በቀይ ቀለም «የመኪና መስታወት ገጣሚ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ፀሐይና ዝናብ ተጋግዘው የፊተኞቹን ቃላት ልጠው ወሰዷቸውና «ገጣሚ» የምትለዋ ብቻ ቀረች። ጎሚስታው ከዚያ ወዲህ የጎረቤቱን ስም እርግፍ አድርጎ ተወው።

«ገጣሚው! ዛሬ ምን ገጠምክ?» ይለዋል ጠዋት ጠዋት።

«የኋላ መስታወት።»

«ቤት ይመታል?»

«ቤት አይመታም፤ ዝናብ ግን አያስገባም፣» ይላል ገጣሚው፣ ፊቱ ላይ የሳቅ ምልክት ሳይታይ።

ዝምተኛ ሰው ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ እርምጃው ቀርፋፋ፣ እጁ ግን ሌላ ነው። መስታወት ሲያነሳ የተኛ ሕፃን የሚያነሳ ይመስል ነበር። ትዳርን በተመለከተ ታላቅ እህቱ ተስፋ ቆርጣለች። ሸሚዙን እየተኮሰች ትሰጠዋለች፣ «እንግዲህ አንዷን መስታወት አግባና እረፈው» ትለዋለች፣ እሱም ሸሚዙን ተቀብሎ ውልቅ ይላል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ የተሸከመች ትንሽ መኪና ሱቁ በር ላይ ቆመች። የኋላ መስታወቷ የለም። ከመሪው ጋር ተጣብቃ የተቀመጠችው ለማጅ፣ ትልቅ ሴት፣ ሙያዋ ልብስ ስፌት፣ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ትጠርጋለች። ከጎኗ ያለችው አስተማሪ ግን በሩን ከፍታ ወርዳ፣ መኪናዋ እስክትወዛወዝ ድረስ ድርግም አድርጋ ዘጋችው። ቀጠን ያለች፣ ድምፀ ጎላ፣ ሰዓቷን በየደቂቃው የምታይ ሴት ናት።

«ገጣሚው እርስዎ ነዎት?» አለች ወደ ላይ እያነበበች።

«ነኝ።»

«እንግዲያው ግጥሙ ይቆየኝ። መስታወት ነው የቸገረኝ። ወደ ኋላ ስንሄድ የቆመ የጭነት መኪና ላይ የተጫነ ቱቦ ገባብን። ነገ ፈተና አለባት፤ አሁኑኑ ይግጠሙልኝ።»

ገጣሚው አልቸኮለም። በባዶው መስኮት አንገቱን አስገብቶ ዙሪያውን አየ፣ ከዚያ መጠየቅ ጀመረ። መኪናዋ የስንት ዓመተ ምህረት ምርት ናት? ጉም ሲሸፍነው የሚያሞቁት ቀጫጭን ቡናማ መስመሮች ነበሩት? የሬዲዮው አንቴና ጣሪያው ላይ ነው ወይስ መስታወቱ ውስጥ ያለፈ? ለዝናብ መጥረጊያው ቀዳዳ ነበረው?

«ወንድሜ፣» አለች አስተማሪዋ፣ «መስታወት ሊገጥሙላት ነው ወይስ ሊያገቧት?»

«ሳይጠይቁ የገዙት መስታወት አንድም አይገባም፣ አንድም ይገባና ማሞቂያው አይሠራም፣» አለ ገጣሚው ረጋ ብሎ። «የአንዱ ዓመት ለሌላው ዓመት በጣት ውፍረት ይተርፋል። ያኔ ያለቅሳሉ።»

«እኔ አላለቅስም። የምታለቅሰው እሷ ናት።»

ልብስ ሰፊዋ ይኼን ጊዜ ከመኪናው ወርዳ ወንበሩ ላይ የተበተነውን ስባሪ አየችና፣ «ለምንድነው እንዲህ እንደ ስኳር የደቀቀው? የአጎቴ መኪና የፊት መስታወት ሲመታ ተሰነጠቀ እንጂ አልፈረሰም» አለች።

ገጣሚውን ጥያቄው ደስ አለው። የፊቱ ሁለት መስታወት ነው፣ መሃሉ ስስ ላስቲክ አለው፣ ሲመታም ያ ላስቲክ አቅፎ ይይዘዋል ብሎ አስረዳት። የኋላው ግን አንድ ንጣፍ ነው፤ በእሳት ስለጠነከረ አንዴ ከተነካ ሁለንተናው ይፈርሳል፣ ስባሪውም ሰው እንዳይቆርጥ ድቡልቡል ይሆናል። «እንደ ፊቱ ተጠጋግኖ የሚነዳ የለም፤ ሙሉውን መቀየር ነው። ስባሪውንም ዛሬ እጠርግልሻለሁ፣ ግን ወንበር ሥር የገባው በየጊዜው ብቅ ማለቱ አይቀርም፤ ባዶ እጅሽን አትስደጂ።»

ሥራው ብዙ ጊዜ ወሰደ። የድሮውን ማጣበቂያ በምላጭ ፋቀ፣ ላሜራው ላይ ዝገት ሲያገኝ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገውና ቀለም ቀባው፤ ዝገት ላይ የተለጠፈ መስታወት በዝናብ ወራት ይከዳል። ጥቁሩን ማጣበቂያ ዙሪያውን በአንድ ትንፋሽ አሰመረ። መስታወቱን አስቀመጠ፣ የማሞቂያውን ሽቦዎች አገናኘ፣ በፕላስተር ደገፈው፣ የጎን መስኮቱን በጣት ልክ ከፍቶ ተወው።

«ዛሬ አትነዳም። እዚሁ ትደር። በር ድርግም ተደርጎ አይዘጋ፤ አየሩ መውጫ ካጣ እርጥቡን መስታወት ይገፋዋል።»

«ሰምቻለሁ፣» አለች አስተማሪዋ ሰዓቷን እያየች። ለፈተናው የጓደኛዋን መኪና ለመለመን ወሰነች። «ቦርሳዬን ብቻ ላውጣ።»

ቦርሳዋን አወጣች። የጎን መስኮቱ ተከፍቶ ስታይ አቧራ ይገባል ብላ ጠቅልላ ዘጋችው። ቀጥላም፣ ዕድሜ ልኳን እንደለመደችው፣ በሩን ድርግም አደረገችው።

ገጣሚው ከኋላ ቆሞ የእጅ አሻራውን በጨርቅ እየወለወለ ነበር። ፕላስተሩ ተላቀቀ፣ መስታወቱ ከላይ ብቅ ብሎ ወደ እሱ ተንሸራተተ። በሁለት እጁና በደረቱ ተቀበለው። ጥቁሩ ማጣበቂያ እህቱ ተኩሳ የሰጠችው ሸሚዝ ላይ ተለጠፈ። እንዲህ ቢል ይወድቃል፣ እንዲያ ቢል ይሰበራል፤ መስታወቱን እንዳቀፈ ቆሞ ቀረ።

«ምን ላድርግ? ንገረኝ ምን ላድርግ!» አለች አስተማሪዋ፤ አንቱታው በድንጋጤ በነነ።

«በዚያ በኩል ያዢው። ቀስ ብለሽ። አትጎትቺ፣ መዝኚው ብቻ።»

ያዘችው። አንዱ በወዲህ፣ አንዷ በወዲያ ሆነው፣ መስታወቱን መሃላቸው አድርገው ቆሙ። እስካሁን ደህና አድርጎ ፊቷን አላያትም ነበር። የቁጣ ፊት መስሎት የነበረው የፍርሃት ፊት ሆኖ አገኘው። እሷም ይጮህብኛል ብላ ስትጠብቅ፣ ሰውየው በማጣበቂያ የተበላሸ ሸሚዙን ዝቅ ብሎ አይቶ፣ «አሁን እህቴ ትገድለኛለች» አለ። ሳቋ መጣ። መስታወቱ እንዳይንቀጠቀጥ ሳቋን ልታፍን ስትታገል እሱም ሳቀ። ጎሚስታው ጎማ ጥሎ ሮጦ ባይደርስ ምን ይሆኑ እንደነበር እንጃ።

በሦስተኛው ቀን አስተማሪዋ አዲስ ሸሚዝ በወረቀት ጠቅልላ መጣች። ልኩ አልነበረም፣ ሰፋው፤ ግን ለበሰው። በወሬ መሃል፣ ዕድሜውን ሙሉ መኪና ሲነካ የኖረው ሰው መንዳት እንደማይችል ሰማች።

«እንዴት አትችልም?»

«እኔ ጋ የሚመጣው መኪና ሁሉ የተመታ ነው። ደህና መኪና ያለ አይመስለኝም።»

«ተነስ፣» አለችው። «ግባ።»

እንዲህ ሆኖ አስተማረችው። ከተማሪዎቿ ሁሉ እንደ እሱ ያለ ቀርፋፋ አልገጠማትም። ማርሽ ለመቀየር ያስባል፣ ለመታጠፍ ያስባል፣ ከኋላው የተሰለፈው መኪና ጥሩምባ ሲያቀልጠው ይቅርታ ለመጠየቅ ሊወርድ ይዳዳዋል። «ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮን እኮ ነው የምልህ!» ጩኸቷ ከጎዳናው ማዶ ይሰማ ነበር። ወደ ኋላ ሲነዳ ግን የሚያክለው አልነበረም፤ የኋላ መስታወትን ከሱ በላይ የሚያከብር ሰው ስለሌለ። ፈተናውን ወደቀ፣ ደግሞም ወደቀ፣ አለፈ። ባለፈ ዕለት ሽማግሌ የሚልክባቸውን ሰዎች ስም ጠየቃት። «መጀመሪያ እኔን ጠይቀኝ» አለችው። ጠየቃት። ተጋቡ።

ልጅ ወለዱ፣ አንዲት ሴት። በቤታቸው ውስጥ እናት ትናገራለች፣ አባት ይሰማል፣ ልጅቷ ሁለቱንም ትመስላለች። ዓመታት በዚህ ሁኔታ አለፉ። ልጃቸው አግብታ ሌላ ከተማ ገባች፣ የገጣሚውም ፀጉር ነጣ።

እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ውሃ ሲጠጣ ብርጭቆው ጥርሱን መታው። ብርድ ነው አለ። ሱቁ ውስጥ ጓንት ማጥለቅ ጀመረ፣ ሰው ሲያየው እጁን ኪሱ ይከታል። ሐኪሙ የዕድሜ ነገር ነው፣ መድኃኒቱ ያስታግሰዋል እንጂ አያጠፋውም ብሎታል፤ ይህንንም ለሚስቱ አልነገራትም። እሷ ግን ሰው ገና መሪ ሲጨብጥ ፍርሃቱን ከእጁ የምታነብ ሴት ናት። አውቃለች። እስኪነግራት ጠበቀች።

ዝናብ በበረታበት ሰሞን አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ሱቁ መጣች። ከቀናት በፊት የኋላ መስታወት ገጥሞላታል።

«ጋሼ፣ ልቆጣዎት አልመጣሁም፣» አለች። የመኪናዋን ኋላ ከፈተችለት። ሕፃናቱ ለወላጆች ቀን የሠሯቸው የወረቀት ወፎች ውሃ ጠጥተው እርስ በርስ ተለጣጥፈዋል፤ ቀለማቸው ምንጣፉ ላይ ፈሷል።

ገጣሚው ጎንበስ ብሎ ጣቱን በመስታወቱ ጠርዝ አስኬደ። ማዕዘኑ ጋ ማጣበቂያው ሳስቷል። እጁ የተንቀጠቀጠበት ቦታ ነው። በሥራ ዘመኑ ያስገባው የመጀመሪያው ውሃ ይኼ ነበር። አንዷን ወፍ አንስቶ ክንፏን ሊያቀና ሞከረ፣ ተቀደደችበት።

ማታ እራት ላይ፣ «ሱቁን ልዘጋው ነው» አለ። እጁን ጠረጴዛው ላይ አኖረላትና የሐኪሙን ነገር ሁሉ ነገራት። ሚስቱ እጁን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ፣ «የሴትዮዋ መኪና መቼ ነው የምትመጣው?» አለች።

«ነገ። ለምን?»



በማግስቱ ሥራ አስፈቅዳ፣ የሱን አሮጌ ቱታ እጅጌውን ጠቅልላ ለብሳ ሱቁ በር ላይ ቆመች። ጎሚስታው ሲያያት ጎማው ከእጁ አመለጠ።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አላት ገጣሚው።

«ለማጅ።»

ዱካ ላይ አስቀመጠችውና የማጣበቂያውን መግፊያ አነሳች። መስታወቱን አብረው ፈትተው አወረዱ፣ ያረጀውን ፋቀች፣ ማሰመር ጀመረች። መስመሩ እንደ እባብ ተጥመለመለ።

«ቸኮልሽ።»

«አልቸኮልኩም።»

«ትከሻሽ ቸኩሏል። ፋቂውና እንደገና።»

ፋቀች። ሁለተኛው መስመር ማዕዘኑ ላይ ተቆረጠ። «ማዕዘን ላይ አትቁሚ እኮ ነው የምልሽ!» ሲል ድምፁ ባትሪ ሻጩ ጋ ደረሰ። ገጣሚው ሲጮህ ሰው ሰምቶ አያውቅም፤ ራሱም ደነገጠ። ሚስቱ መግፊያውን አውርዳ ተመለከተችው።

«ተማሪ ላይ አይጮኽም፣» አለች ኮስተር ብላ። ይህን የምትለው እሷ መሆኗ ለሁለቱም ተገለጠላቸውና መኪናዋን ይዛ የመጣችው የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ግራ እስኪገባት ድረስ በሳቅ ፈረሱ።

ቀጣዩ መስመር ቀጥ ብሎ ወጣ። መስታወቱን ሊያነሱ ሲሉ ገጣሚው ወደ ኋላ አለ። «ብጥለውስ?» አላት በሹክሹክታ። «እኔም ይዤዋለሁ፣» አለችው። አነሱት። ክብደቱ መዳፉ ላይ ሲያርፍ እጁ ረጋ። ለምን እንደሆነ አላወቀም፤ ባዶውን ሲሆን የሚንቀጠቀጠው እጅ ሸክም ሲያገኝ ጸጥ አለ። በማግስቱ ማጣበቂያው ከደረቀ በኋላ በጎማ ቱቦ ውሃ አወረዱበት። ገጣሚው ከውስጥ ተቀምጦ ማዕዘኖቹን በደረቅ ወረቀት ዳበሰ። ወረቀቱ ደረቅ ሆኖ ወጣ። ሚስቱ ደግሞ ባለመኪናዋ ሳትጠይቃት ከድሮ ለማጇ፣ ከልብስ ሰፊዋ ወዳጇ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለምና፣ ሕፃናቱ ሌሎች ወፎች የሚሠሩበትን አንድ ከረጢት ሙሉ ሰጠቻት።

ሱቁ አልተዘጋም። ከሰዓት በኋላ ትምህርቷን ጨርሳ ትመጣለች፣ ከባዱን ሥራ ለዚያ ሰዓት ያቆዩታል። ጠዋት እሱ ደንበኞችን ያነጋግራል። ድሮ በጨዋታ ስስታም የነበረው ሰው አሁን የማሞቂያውን መስመር በስለት መፋቅ እንደማይገባ፣ አዲስ መስታወት የገጠመ ሰው መኪናውን ለማሳጠብ እንዳይቸኩል፣ አንድ በአንድ ያስረዳል። ይጣላሉም። እሷ አሁንም ሰዓቷን ታያለች፣ እሱ አሁንም ያስባል።

ባለፈው ሳምንት አውቶቡስ መጣላቸው። የኋላ መስታወቱ ከሱቁ በር ይሰፋል። ገጣሚው ሦስቴ ዞሮ አየውና «አንችለውም» አለ፣ ሚስቱ «ጎሚስታውን ጥራው» አለች። ለሦስት ተሸክመው፣ ጎሚስታው እያማረረ፣ እሷ እየመራች፣ እሱ «ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ አቁሚ» እያለ አውቶቡሱ ላይ ገጠሙት።

ማታ ልጃቸው ስልክ ደወለች። ገጣሚው ስለ አውቶቡሱ ከመጀመሪያው ጀመረላት፦ መስታወቱ እንዴት እንደመጣ፣ ላሜራው የት ጋ እንደዛገ፣ ጎሚስታው ምን እንዳለ። ልጅቷ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ መደርደሪያ ላይ አኖረችውና ሕፃኗን ማጠብ ቀጠለች። የውሃው ድምፅ ይሰማል።

«እየሰማሽኝ ነው?» አላት አባቷ።

«እየሰማሁ ነው አባዬ።»

«እንዲያ አይደለም የሆነው፣» አለች እናቷ ከጎኑ ስልኩን እየሳበች። «ከግራ ነው የጀመርነው።»

«ከቀኝ ነው።»

«ከግራ!»