ጎታ ውስጥ የከረመው ላፕቶፕ

ደብረ ታቦር ላይ ያገለገለ ላፕቶፕና ታብሌት ስሸጥ ምክሩን በነጻ እመርቃለሁ። ነጻ ስለሆነ ነው መሰለኝ የሚሰማኝ የለም። አንድ የእብናት ገበሬ ግን ሰሙኝ። ዩኒቨርሲቲ ለምትማር ልጃቸው ላፕቶፕ ሲገዙ፣ «ከውሃ፣ ከፀሐይና ከሌባ ይጠብቁት፤ በየወሩም ቻርጅ ያድርጉት» አልኋቸው።

ብዙም ሳይቆይ ጸጥታው ደፍርሶ ትምህርቱ ተቋረጠና ልጅቱ አገር ቤት ገባች። መብራቱም እዚያው ሰሞን ጠፋ። አባት ዘመኑ ክፉ ነው ብለው ላፕቶፑን ጤፍ ጎታ ውስጥ ቀበሩት።

ከርሞ ከርሞ ዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሲጠራ አባትና ልጅ ላፕቶፑን ይዘውልኝ መጡ። የመጨረሻ ዓመቷ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራበት ሌላ ነገር የላትም። ስከፍተው ከቁልፎቹ ሥር ጤፍ ፈሰሰ። ባትሪው እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ውስጡን ሰባብሮታል።

«ቻርጅ ያድርጉት ብዬዎት ነበር እኮ፣ አባቴ።»

«በምን? በኩራዝ?»

ልጅቱን ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ውሃ ነክቶታል? ፀሐይ መቶታል? ሌባስ ደርሶበታል?» አሉኝ አባት። አንዱም አልደረሰበትም። ያን ሁሉ ምክር ስደረድር፣ መብራት በሌለበት አገር ምን እንደሚደረግ አንዲት ቃል አልነበረችኝም።

«ይበጃል ወይስ አይበጅም፣ ጋሼ?» አለች ልጅቱ።

«አይበጅም።»

«ታዲያ የዩኒቨርሲቲው ጥሪስ?» አሉ አባቷ፣ እሱንም እኔ የምሸጥ ይመስል።

ልጅቱ ክንዳቸውን ይዛ ወደ እብናት ወደሚመለሰው መኪና ወሰደቻቸው።