ስልካችንን ሰብስቦ ተነሳሽነት ያስተማረን ሰው

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር ነው። ጊዜው ቢያልፍም እስከ ዛሬ የስልኬ ባትሪ ሊያልቅ ሲል ቻርጀር ፍለጋ እሮጣለሁ።

የምሠራው አዲስ አበባ፣ ወሰን በሚባለው ሰፈር በሚገኝ አንድ የልብስ ስፌት ቤት ነው። ለሆቴሎችና ለጋራዦች የሥራ ልብስ እንሰፋለን። ሠራተኞቹ አሥራ አራት ሴቶች ነን። እኔ ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ስለ ትልልቅ ሐሳብ የመናገር ችሎታ የለኝም። ያየሁትን ግን እናገራለሁ።

ልጄ ማርታ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አስም አለባት። ቤት ውስጥ አቧራ እንዳይኖር ቀን ከሌት እጠርጋለሁ። መድኃኒቷ አንዱ ቦርሳዋ ውስጥ፣ አንዱ ጎረቤት፣ አንዱ መምህሯ ዘንድ ነው። ሰው «አበዛሽው» ይለኛል። ይበለኝ።

የስፌት መኪኖቹ ሲንጫጩ ስልክ አይሰማም። ስለዚህ እናቶች የሆንን ሁሉ በየልጆቻችን ትምህርት ቤት ሁለት ቁጥር አስመዝግበናል፤ አንዱ የራሳችን፣ ሁለተኛው የጥበቃችን የጋሽ ሙላት። እሳቸው በር ላይ ሆነው ስልኩን ያነሡና ገብተው ትከሻችንን ይነካሉ። ይህን ያዘዘን አለቃ የለም፤ እኛው ነን ያመጣነው።

በዚያ ሰሞን ሦስት ሴቶች ተከታትለው ሥራ ለቀቁ። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጅ ታሞባት ፈቃድ የምትጠይቅ ሁሉ ፊት ትነሣ ነበር። የስፌት ቤቱ ባለቤት አቶ ታደለ ግን እኛን ከመጠየቅ ይልቅ አሰልጣኝ ቀጠሩ። «ተነሳሽነት አንሷችኋል» አሉን።

አሰልጣኙ ነጭ ጫማ ያደረገ፣ ፈገግታው የማይከደን ወጣት ነው። ሰሌዳ ላይ ትልቅ ሦስት ማዕዘን ሣለ። ከታች ምግብና መጠለያ፣ ከዚያ ደህንነት፣ ከዚያ ፍቅር፣ ከዚያ ክብር፣ ጫፉ ላይ ደግሞ «ራስን መሆን» ብሎ ጻፈ። ሰው የታችኛውን ሳያሟላ ወደ ላይኛው አይወጣም አለ። ከእኛው መካከል ምሳዋን ለታመመች ጎረቤቷ ልካ ባዶ ሆዷን የምትሰፋ ሴት አለች። እሷን የት ደረጃ ላይ እንደሚያስቀምጣት ልጠይቀው ፈልጌ ነበር፤ አልደፈርኩም።

እሱ ግን ጨርቅ ቆራጫችንን እትዬ ዘነበችን ጠየቃቸው። በዕድሜ ታላቃችን እሳቸው ናቸው።

«እናቴ፣ እርስዎ የት ደረጃ ላይ ያሉ ይመስልዎታል?»

«እኔማ ደረጃውን የምጠርገው ነኝ፣ ልጄ።»

ሳቅን። እሱም ሳቀ፤ ደብተሩ ላይ ግን የሆነ ነገር ጻፈ።

በማግስቱ ዓርብ ሥልጠናው እንጦጦ ላይ ሆነ። ስፌት ቤቱ ተዘጋ፤ ጋሽ ሙላት ብቻ በር ላይ ቀሩ። ባሕር ዛፉ መሐል እንደ ደረስን አሰልጣኙ አንድ ቦርሳ ከፈተና ስልካችንን እያጠፋን እንድናስገባ አዘዘን።

«እኔ ማጥፋት አልችልም» አልኩት። «ልጄ ታማሚ ናት። ከትምህርት ቤት ሊደውሉልኝ ይችላሉ።»

«አየሽ እህቴ፣ ወደ ኋላ የሚጎትትሽ ይሄ ፍርሃት ነው። ለዛሬ ብቻ ፖዚቲቭ ሁኚ።»

አቶ ታደለ ከጎኑ ቆመው ያዩኛል። የሥራዬ ነገር አሳሰበኝ። አጥፍቼ ሰጠሁት። ቦርሳውን መኪናው ውስጥ ቆለፈበት።

ከዚያ ዓይናችንን በጨርቅ አስሮ እርስ በርስ አስመራን። መተማመንን ያስተምራል አለ። አብረን አሥር ዓመት የሠራን ሰዎች ነን። እትዬ ዘነበች ዓይናቸው እንደ ታሰረ የምትመራቸውን ልጅ «ቀስ በይ እንጂ፣ በመተማመን ገደል እንዳትከቺኝ» ይሏታል። ሰው ይስቃል። እኔ በተሸፈነ ዓይኔ የሚታየኝ የማርታ ደረት ነበር።

ስልኬን ያገኘሁት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ስከፍተው መልእክት ተንጋጋ። ከትምህርት ቤት ሰባት ጊዜ፣ ከጋሽ ሙላት አራት ጊዜ ተደውሎልኛል። ለጋሽ ሙላት ደወልኩ።

«ጤና ጣቢያ ነን» አሉኝ። «ረጋ በይ፤ ደህና ናት። ብስኩት እየበላች ነው።»

አሰልጣኙን በመኪናው እንዲያደርሰኝ ለመንኩት። «ሰርተፊኬት ልንሰጥ ነው፤ አሥር ደቂቃ ጠብቂ» አለኝ። ትቼው ቁልቁለቱን እየሮጥኩ ወረድኩና ታክሲ ያዝኩ።

ማርታን አስሙ የጀመራት አምስት ሰዓት ላይ ነበር። መምህሯ መድኃኒቷን ብትሰጣትም አልተሻላትም። እኔ ስጠፋ ለጋሽ ሙላት ደወሉ። እሳቸውም በሩን ቆልፈው ሮጡ፤ ልጄን አቅፈው ጤና ጣቢያ አደረሷት። ነርሷ «ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ» ብላ ሳትጨርሰው የማርታን ካርድ ወደ መጻፍ ዞረች። እኔም ጨርሺው አላልኳትም።

ሰኞ ስንገባ አቶ ታደለ ለጋሽ ሙላት የጻፉት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በር ላይ ተለጥፏል። በሥራ ሰዓት በር ትተው ሄደዋል ይላል። እትዬ ዘነበች አነበቡት፤ ገብተው መቀሳቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ተቀመጡ። ጨርቅ ካልተቆረጠ የሚሰፋ የለም። መኪኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ።

አቶ ታደለ መጡ። «ምን ሆናችሁ ነው?»

«ተነሳሽነት አንሶን ነው፣ አቶ ታደለ» አሉ እትዬ ዘነበች፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

ሻይ ሰዓት ሳይደርስ ደብዳቤው ተነሣ። አቶ ታደለ ራሳቸው ቀደዱት።

አሰልጣኙ አሁን ሌላ ድርጅት እያስተማረ ነው ሲሉ ሰማሁ። ያስተምር። ሰውን ምን እንደሚያስሮጠው ማወቅ ከፈለገ ግን ሦስት ማዕዘኑን ትቶ አንድ ቀን ጋሽ ሙላት አጠገብ በር ላይ ቢቀመጥ ይሻለው ነበር።

በአሰልጣኙ መሳቅ ይቀለኛል። ነገር ግን ስልኩን ከእጄ ነጥቆ የወሰደው ሰው አልነበረም። አጥፍቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማርታ የዚያን ቀን «እማዬ፣ ስልክሽ ለምን እምቢ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «እንጦጦ ላይ ኔትወርክ የለም» አልኳት። እስከ ዛሬ እውነቱን አልነገርኳትም።